የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ማኅደር ውስጥ፤ በአቃቂ በሰቃ ስለሚፈቱት አሮጌ መሣሪያዎች የቀረበ የታሪክ ጥናት

፩. መግቢያ

አቃቂ በሰቃ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ ከቃሊቲ ጋራ ተጣምራ የዋና ከተማይቱ አንድ ክፍል ሆናለች። ታሪኳ ከመኪና ታሪክ ጋራ የተሳሰረ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ በመንገዱ ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የኢትዮጵያ መንግሥት ድምፁን ለውጭው ዓለም ያሰማው በአቃቂ በተተከለው የራዲዮ ጣቢያ ነበር። ከነፃነት በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ተከታትለው ስለ ተሠሩባት፣ የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ሠራተኛ ከበቀለባቸው ስፍራዎች አንዷ ሆነች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አቃቂ ሌላ ሥራ ደግሞ ተጨመረላት፤ ይኸውም አገልግሎታቸውን የጨረሱ ኮምፒዩተሮችን መፍታት ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አሮጌ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች በእጅ እየተፈቱ ብረቱ ከብረት፣ ፕላስቲኩ ከፕላስቲክ፣ ሽቦው ከሽቦ የሚለይበት ተቋም በአቃቂ ተቋቋመ። እ.አ.አ. በ2018 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ውዳቂ አያያዝ ደንብ ቍጥር 425ን አወጣ። እርሳስና ሌላም መርዝ ያለበት ዕቃ በየሜዳው እንዳይጣልና እንዳይቃጠል መደረጉ ለሰውም ለከብትም የሚበጅ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሆኖም የታሪክ ተማሪ ይህን ጉዳይ ሲመለከት አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። አንድ የብራና መጽሐፍ ቢያረጅ ቆዳው ለጫማ ሰፊ አይሰጥም፤ ምክንያቱም ዋጋው በቆዳው ሳይሆን በላዩ በተጻፈው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለ አሮጌ ኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለ ግንዛቤ የለንም። የሚመዘነው በኪሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ መሣሪያዎች ሆድ ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ታሪክ ምዕራፍ እንደ ተጻፈ ማስረዳት ነው፤ ይኸውም ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ ነው። ይህን ምዕራፍ ከጥፋት ለማዳን ደግሞ በዓለም ላይ ያሉ የአሮጌ ኮምፒዩተር ወዳጆች፣ በትርፍ ጊዜያቸው በራሳቸው እጅ ከሚሠሩት ሥራ አንድ ጠቃሚ መንገድ ማግኘት እንደሚቻል እናሳያለን።

በዚህ ጽሑፍ ‹ዓ.ም.› የሚል የተጻፈበት ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፣ ‹እ.አ.አ.› የሚለው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፪. ፊደልና የጽሕፈት መኪና

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከኮምፒዩተር በፊት የነበረውን የጽሕፈት መኪና ማስታወስ ይገባል። በ1920ዎቹ ዓ.ም. ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙ ሰው ናቸው፤ ከዚያም በኋላ እንደ ኦሊቬቲ ያሉ የውጭ ኩባንያዎች የአማርኛ መኪና እየሠሩ ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን አስገብተዋል። ሁሉንም የገጠማቸው ችግር አንድ ነው። የተለመደው የጽሕፈት መኪና 44 ያህል ቍልፎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ቍልፍ ሁለት ሁለት ምልክት ስለሚይዝ በጠቅላላው 88 ምልክቶች ብቻ ይመታል። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል።

ስለዚህ የተገኘው ዘዴ ፊደሉን መቈራረጥ ሆነ። አካሉ በአንድ ቍልፍ፣ ቅጥሉ በሌላ ቍልፍ ይመታል፤ ሁለቱ በወረቀቱ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ አኳኋን የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው፣ ቅጥሉ ከአካሉ ተራርቆ ወይም ተደርቦ፣ ካዕቡ ከሣልሱ ሳይለይ እንደሚቀር ያስታውሳል። ችግሩ በመልክ ብቻ አልቀረም። ፊደል ይሻሻል፣ ሞክሼዎቹ ይቀነሱ፣ ቅጥሉ አንድ ዐይነት ይሁን የሚለው የሊቃውንት ክርክር ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ የማተሚያውና የጽሕፈት መኪናው ጥበት ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። የጽሕፈት መኪናው ሆድ በፋብሪካ ከተሠራ በኋላ የማይለወጥ ብረት ነው። ከሁለቱ አንዱ መጐንበስ ካለበት፣ እንዲጐነበስ የተጠየቀው ብረቱ ሳይሆን ፊደሉ ነበር።

፫. በኮምፒዩተር ውስጥ ፊደል የት ይኖራል?

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ነው። እ.አ.አ. በነሐሴ 1981 አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣውን የግል ኮምፒዩተር ለምሳሌ እንውሰድ፤ ኋላ በአገራችንም የተስፋፉት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የእርሱ ዘር ናቸውና። በዚህ መሣሪያ መስኮት ላይ 25 መስመሮች ይታያሉ፤ በያንዳንዱ መስመር 80 ፊደል ይገባል፤ ድምሩ 2,000 ይሆናል። ለያንዳንዱ ፊደል በማኅደሩ ውስጥ ሁለት ባይት የሚባሉ ትናንሽ ስፍራዎች ይያዙለታል። አንደኛው የፊደሉን ቍጥር ሲይዝ፣ ሁለተኛው ፊደሉ ይደምቅ ወይም ይሠመርበት እንደ ሆነ ይናገራል።

ታዲያ ቍጥሩ እንዴት መልክ ይሆናል? በኮምፒዩተሩ ውስጥ በተሰካው የመስኮት ሰሌዳ፣ ማለት ካርድ ላይ አንድ ቋሚ ማኅደር አለ። ሰሌዳው የፊደሉን ቍጥርና በዚያች ቅጽበት የሚሣለውን የነጥብ ረድፍ ቍጥር ይዞ ወደዚህ ማኅደር ይጠይቃል፤ ማኅደሩም ስምንት ነጥቦችን፣ የትኛው እንደሚበራና የትኛው እንደሚጨልም ለይቶ ይመልሳል። ይህ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተደጋገመ መስኮቱን በፊደል ይሞላዋል።

በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የፊደል ገበታ ወደ ታች ሲወርዱበት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይላል፤ ወደ ጐን ሲሄዱበት ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይደርሳል። አንድ ሰው ‹ሦስተኛው ተራ፣ ዐራተኛው ቤት› ቢለን፣ ጣታችንን አንሥተን ‹ሓ› ላይ እናሳርፋለን። የፊደሉን መልክ በሒሳብ አላሰላነውም፤ ከተዘጋጀለት ስፍራ አነሣነው እንጂ። ያ ቋሚ ማኅደርም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በሲሊኮን ላይ የተሣለ የፊደል ገበታ ነው።

ልዩነቱ ግን ገበታውን የጻፈው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ይታያል። የአይቢኤም ገበታ 8,192 ባይት የሚይዝ ሲሆን፣ የተጻፈውም በፋብሪካ ነው። የላቲን ፊደላት፣ አንዳንድ የግሪክ ምልክቶች፣ መስመሮችና ጌጦች ይገኙበታል። ግዕዝ የለበትም። ደግሞም የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ይህን ማኅደር ሊጽፍበት ይቅርና ሊያነበው እንኳ አይችልም ነበር።

፬. የ256 ጐጆዎች ችግርና የተገኙት መፍትሔዎች

አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያሉትን ቍጥሮች ይይዛል፤ ስለዚህ በገበታው ላይ ያሉት ጐጆዎች 256 ብቻ ናቸው። ለኢትዮጵያዊው መሐንዲስ ሒሳቡ አስቸጋሪ ነበር። ‹ቨ› ሲጨመር 34ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 238 ይሆናሉ። ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚቀበለው በላቲን ፊደልና በምልክቶች ስለ ሆነ ለእነዚህ 95 ያህል ጐጆ መተው ያስፈልጋል። ድምሩ 333 ሆኖ፣ ገና ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሳይገቡ ከ256 አልፏል።

ስፋቱም ሌላ ችግር ነበር። በስምንት ነጥብ ስፋት ‹ሐ›ን ለመሣል እንሞክር። ሦስቱ እግሮች አንዳንድ ነጥብ፣ ሁለቱ ክፍተቶች ሁለት ሁለት ነጥብ ቢሰጣቸው ሰባት ነጥብ ይፈጃል፤ አንዷ ለፊደላት መለያያ ትቀራለች። ‹ሑ› ላይ ስንደርስ ግን ቅጥሉ የቀረችውን አንድ ነጥብ ይወስዳታል፤ ከዚያ በኋላ ፊደል ከፊደል ይጣበቃል።

ይህን ጥበት ለማለፍ ሦስት መንገዶች ነበሩ።

የመጀመሪያው ቋሚውን ማኅደር ነቅሎ ሌላ መትከል ነው። እ.አ.አ. በ1971 በኢንቴል ኩባንያ ዶቭ ፍሮማን የፈለሰፈው ኢፕሮም የሚባል ማኅደር ለዚህ ይመቻል። ይህ ማኅደር በጀርባው ትንሽ የመስተዋት መስኮት አለው። በኤሌክትሪክ ይጻፍበታል፤ የአልትራቫዮሌት ብርሃን በመስኮቱ ሲገባ ደግሞ የተጻፈው ይጠፋና እንደ ገና ይጻፍበታል። ማንኛውም ብልህ ቴክኒሺያን ገበታውን በራሱ ፊደል ሊሞላው ይችላል፤ ሆኖም የጐጆው ቍጥር ያው 256 ነው።

ሁለተኛው መንገድ ገበታውን ጨርሶ ትቶ፣ ፊደሉን በመስኮቱ ላይ እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ መሣል ነው። ስለዚህ መንገድ ለተማሪዎች ሊነገር የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። እ.አ.አ. በ1982 ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ሰው የዶክትሬት ጥናቱን በአገሩ ፊደል በአይቢኤም ኮምፒዩተር ለመጻፍ ፈለገ። የነበሩት ሰሌዳዎች አልሆን አሉት፤ የአንደኛው ነጥብ አነስተኛ ነው፤ የሁለተኛው ገበታ አይለወጥም። ስለዚህ ራሱ አዲስ ሰሌዳ ነድፎ ሠራ። ሰሌዳው በወርዱ 720፣ በቁመቱ 348 ነጥብ የሚሥል ሲሆን፣ ሄርኩለስ ተብሎ በዓለም ሁሉ ተሸጠ። ለብዙ ዓመታት በየቢሮው የነበሩት አረንጓዴና ብርቱካንማ መስኮቶች አብዛኞቹ የሄርኩለስን ሰሌዳ ወይም የእርሱን ግልባጭ ይጠቀሙ ነበር። እንግዲህ ይህ ታላቅ ንግድ የተወለደው ፊደሉን ለመኪናው ላለመገበር እንቢ ካለ አንድ ተማሪ ጠረጴዛ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የፊደሉን ገበታ በሚጻፍበት ማኅደር ላይ ማኖር ነው። አይቢኤም እ.አ.አ. በ1984 ያወጣው ኢጂኤ የተባለ ሰሌዳ በፕሮግራም የሚሞሉ ገበታዎችን ሲቀበል፣ ሁለት ገበታ በአንድ ጊዜ በማሳየት እስከ 512 ፊደል ያስነብብ ነበር። ሄርኩለስም እ.አ.አ. በ1986 እስከ 3,072 ፊደል የሚይዝ ሰሌዳ አወጣ። ከዚህ በኋላ የግዕዝ ፊደል ሳይቈራረጥ፣ ዲቃላዎቹንም ሳይተው የሚገባበት ቤት ተገኘ።

ኢትዮጵያውያን ሥራውን የጀመሩት በዚሁ ዘመን ነው። በአሜሪካ ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው ‹ዳሸን› የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ አዘጋጁ። በአገር ውስጥ በኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር የነበረው ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማእከል ‹አጋፋሪ›ን ሠራ፤ ስሙም የቤተ መንግሥቱን እንግዳ ተቀባይ የሚያስታውስ ነው። ‹ፊደል› የተባለውም ቀረበ። ሌሎችም ተከተሉ። ሁሉም ፊደሉን በመስኮትና በወረቀት ላይ አሳዩ፤ ነገር ግን ‹ሀ› ስንተኛ ቍጥር ትሁን በሚለው አልተስማሙም ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል።

ስምምነቱ የመጣው እ.አ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን መደበ። አመዳደቡም ከፊደል ገበታው ጋራ የተስማማ ነው። ‹ሀ› 4608፣ ‹ለ› 4616፣ ‹ሐ› 4624፣ ‹መ› 4632 ናቸው፤ ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው ስምንት ስምንት ይዘለላል። ሰባቱ ለሰባቱ ቤቶች ሲሆኑ፣ ስምንተኛው እንደ ‹ሏ› ላሉት ዲቃላዎች ነው። አባቶቻችን በሰሌዳ ላይ የደረደሩት ሥርዓት ለኮምፒዩተር ሒሳብ ሳይለወጥ ተስማማ ማለት ነው።

ከላይ የተመለከተው ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው፤ የመኪናው ሆድ ሲዘጋ ፊደሉ ይቈረጣል፤ የመኪናው ሆድ ሲከፈትና ሲጻፍበት ግን መኪናው ለፊደሉ ይታዘዛል።

፭. የሚጻፍበት ሎጂክና የአሮጌ ኮምፒዩተር ወዳጆች ሥራ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማኅደር ነው። ኮምፒዩተር ግን ማኅደር ብቻ አይደለም፤ ‹ይህና ያ ከሆነ እንዲህ አድርግ፤ ይህ ወይም ያ ካልሆነ ተወው› እያሉ የሚወስኑ ብዙ ጥቃቅን ቺፖች አሉት። እነዚህ የሎጂክ ቺፖች ይባላሉ። ቀድሞ እነርሱም በፋብሪካ ተወስነው የሚመጡ ነበሩ። እ.አ.አ. በ1978 ሞኖሊቲክ ሜሞሪስ የተባለው ኩባንያ ፓል የተባለውን ቺፕ አወጣ፤ ገዢው በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ማያያዣዎች እያቃጠለ የሚፈልገውን ውሳኔ ይጽፍበታል። እ.አ.አ. በ1985 ላቲስ የተባለው ኩባንያ እየተደመሰሰ ደግሞ የሚጻፍበትን ጋል አመጣ። በዚያው ዓመት ዛይሊንክስ የተባለው ኩባንያ ኤፍፒጂኤ የተባለ አዲስ ዐይነት ቺፕ አቀረበ፤ የመጀመሪያው 64 የሎጂክ ክፍሎች ብቻ ነበሩት።

የኤፍፒጂኤ አሠራር ከፊደል ገበታው ጋራ መመሳሰሉ ያስገርማል። በውስጡ ያሉት ትናንሽ ክፍሎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰንጠረዥ ናቸው። ዐራት ጥያቄዎች በ‹አዎ› ወይም በ‹አይደለም› ሲመለሱ 16 ዐይነት ሁኔታ ይገኛል፤ ሰንጠረዡ ለ16ቱም መልሱን አስቀድሞ ይዟል። ቺፑ አይመራመርም፤ ከገበታው ያነሣል እንጂ። እንዲህ ያሉ ሰንጠረዦች በበቂ ቍጥር እርስ በርሳቸው ሲያያዙ የአንድን ኮምፒዩተር ሎጂክ መሆን ይችላሉ። በዛሬው ቀን የሆነውን ነገ በሌላ መለወጥ ይቻላል።

ይህን ዕድል ቀድመው የተጠቀሙበት በየአገሩ ያሉ የአሮጌ ኮምፒዩተር ወዳጆች ናቸው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። ኮሞዶር 64 የተባለው፣ እ.አ.አ. በ1982 የወጣው የቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ማኅደሩን የሚያከፋፍል አንድ የሎጂክ ቺፕ አለ፤ 16 ገቢና 8 ወጪ መስመሮች አሉት። ይህ ቺፕ ቶሎ በመበላሸት የታወቀ ሲሆን፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ወዳጆቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ 16 መስመር 65,536 ዐይነት ጥያቄ ማለት ነው፤ ለያንዳንዱ ጥያቄ ስምንት መልስ ቢጻፍ ልክ 64 ኪሎባይት ይሆናል፤ ይህም በገበያ የሚገኝ የአንድ ኢፕሮም ልክ ነው። ስለዚህ የቺፑን መልሶች ሁሉ በሰንጠረዥ ጽፈው በኢፕሮም ተኩት። ኢፕሮሙ በፍጥነቱና በአመላለሱ ከዋናው ስለሚለይ አንዳንድ ጊዜ ያሰናክላል፤ በኋላ የሚጻፍበት ሎጂክ ይህን አሻሻለው።

ለአቃቂ ሰው ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በዚያ ያለው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ የተቋቋመው ለስኳር፣ ለጨርቃ ጨርቅና ለሌሎች ፋብሪካዎች፣ ከውጭ የማይገኘውን ወይም የሚዘገየውን የመኪና ዕቃ አስመስሎ ለማውጣት ነው። ባለሙያው የተሰበረውን ጥርስ ለክቶ፣ ሥዕሉን ነድፎ፣ ብረቱን ይቀርጻል። የሚጻፍበት ሎጂክም ለኮምፒዩተር ያው መለዋወጫ ነው፤ መቅረጫው ግን በብረት ፈንታ ጽሑፍ ነው።

ሥራው በአንድ ቺፕ አልቆመም። ዴኒስ ቫን ዌረን የተባለ የሆላንድ ሰው አሚጋ የተባለውን ኮምፒዩተር ብቻውን በኤፍፒጂኤ አስመስሎ ሠርቶ እ.አ.አ. በ2007 ንድፉን ለማንም ሰው በነፃ ሰጠ። ክሪስ ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የተባለው ኮምፒዩተር ዋና የሎጂክ ቺፕ እንዴት እንደሚሠራ መርምሮ እ.አ.አ. በ2010 በመጽሐፍ አወጣው። እ.አ.አ. በ2015 አይስ ስቶርም የተባለው ሥራ የአንድ ርካሽ ኤፍፒጂኤ ቺፕን ውስጠ ምሥጢር ገልጦ፣ ያለ ክፍያ ንድፍ መሥራት እንዲቻል አደረገ። እ.አ.አ. ከ2017 ጀምሮም ሚስተር የተባለው የጋራ ሥራ ብዙ ዐይነት አሮጌ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ሰሌዳ ላይ አሰባስቧል። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ የተሠሩ ናቸው። በዚህ አኳኋን የእንግሊዝና የአሜሪካ ልጆች የተጫወቱባቸው ኮምፒዩተሮች እንዳይረሱ ተደረገ። ዳሸንና አጋፋሪ የሠሩባቸውን መሣሪያዎች ግን ከእኛ በቀር የሚያስብላቸው የለም።

፮. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንባቢ እንዲህ ሊል ይችላል፤ ‹በእነዚያ መሣሪያዎች የተጻፈው ሰነድ በወረቀት ታትሟል፤ ወረቀቱ ካለ መሣሪያው ለምን ያስፈልጋል?› ለዚህ መልስ አለን። ወረቀት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ያሳያል። የስም ዝርዝር፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የጥናት ቍጥር በዲስክ ላይ ከቀረ፣ ሊነበብ የሚችለው የተጻፈበት የቍጥር አመዳደብ ሲታወቅ ነው። አመዳደቡ ደግሞ በፕሮግራሙና በሰሌዳው ገበታ ውስጥ ይገኛል። ገበታው ከጠፋ ሰነዱ ቍልፉ የጠፋ ሣጥን ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ‹አሮጌውን ኮምፒዩተር በዛሬው ኮምፒዩተር ላይ በፕሮግራም ማስመሰል ይቻላል፤ ሰሌዳ መንደፍ ለምን?› የሚል ነው። እውነት ነው፤ ለብዙ ጉዳይ ይህ ይበቃል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ነገር ግን ለማስመሰል ፕሮግራሙም ቢሆን የቺፑ ይዘት አስቀድሞ መነበብ አለበት። ከዚህም በላይ አሮጌው የዲስክ ማንበቢያ፣ የቍልፍ ሰሌዳና መስኮት ከአዲሱ ኮምፒዩተር ጋራ እንዲገናኙ በመካከል የሚተረጕም ሎጂክ ያስፈልጋል። ሁለቱ መንገዶች ተጋዥ እንጂ ተቃራኒ አይደሉም።

ሦስተኛውና ለታሪክ ተማሪ የሚከብደው ተቃውሞ የእምነት ጉዳይ ነው። በኤፍፒጂኤ ላይ እንደ ገና የተሠራ ኮምፒዩተር ዋናው አይደለም፤ የነዳፊው ግንዛቤ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ችግር በእኛ አገር አዲስ አይደለም። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ አንዱ መስመር ይዘላል፤ ሌላው ያርማለሁ ብሎ ያበላሻል። ስለዚህ ሊቃውንት ቅጂውን አይጥሉም፤ ከሌላ ቅጂ ጋራ ያመሳክሩታል እንጂ። የኮምፒዩተር ቅጂም እንዲሁ ነው። ከዋናው አንድ እንኳ ተርፎ ከተገኘ ማመሳከር ይቻላል፤ ዋናዎቹ ሁሉ ተፈትተው ካለቁ ግን የሚመሳከርበት የለም።

፯. ሊሠራ የሚገባው

ጊዜው አጭር መሆኑን መናገር ግዴታችን ነው። ኢፕሮም የተጻፈበትን የሚይዘው በውስጡ በታሰረ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ይህም ቀስ በቀስ ይፈስሳል፤ አምራቾቹ ዋስትና የሚሰጡት በዐሥር ዓመታት ልክ ነው። በጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ተልጦ ብርሃን ከገባበት ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። የዲስኩ ማግኔትም ይደክማል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተጻፈ ማኅደር ዛሬ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲደረጉ እናሳስባለን።

አንደኛ፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ወደ መፍቻ ከመግባቱ በፊት የመስኮት ሰሌዳው እንዲታይ ነው። በጀርባው የመስተዋት መስኮት ያለው ወይም በእጅ የተጻፈ ወረቀት የተለጠፈበት ቺፕ ከተገኘ፣ ተነቅሎ ይነበብ። ማንበቢያው ትንሽ መሣሪያ ነው፤ 8,192 ባይት ለማንበብ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ መጣም ይመዝገብ፤ ምንጩ ያልታወቀ ቅርስ ግማሽ ዋጋውን ያጣልና።

ሁለተኛ፤ በመሥሪያ ቤቶች መጋዘን የተከማቹ ዲስኮች በጅምላ እንዳይወገዱ ነው። በላያቸው ‹አጋፋሪ› ወይም የሌላ አማርኛ መጻፊያ ስም የተጻፈባቸው ለቤተ መዛግብት ቢሰጡ ይበጃል።

ሦስተኛ፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው አንድ የግዕዝ መስኮት ሰሌዳ በኤፍፒጂኤ እንዲነድፉ ነው። በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቂሊንጦ፣ እ.አ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስላለ፣ የሚፈታውና የሚገነባው በአንድ ሰፈር ሊገናኙ ይችላሉ። ሒሳቡም የሚቻል መሆኑን ያሳያል። በዩኒኮድ ለኢትዮጵያ ፊደል የተመደበው ዋናው ክፍል 384 ስፍራዎች አሉት። እያንዳንዱ ፊደል በ16 በ16 ነጥብ ቢሣል 32 ባይት ይፈጃል፤ ድምሩ 12,288 ባይት ነው። በመስመር 40 ፊደል፣ በጠቅላላው 25 መስመር ለማሳየት የመስኮቱ ማኅደር 2,000 ባይት ይበቃዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 14,288 ይሆናሉ። አይስ ስቶርም ከከፈታቸው ቺፖች አንዱ በውስጡ 16,384 ባይት ማኅደር ስላለው፣ ሙሉው ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነአኃዙ፣ ያለ ሌላ ማኅደር በአንድ ቺፕ ውስጥ ይገባል። ‹ሑ›ም ቅጥሉን ሳይቈረጥ፣ ከጐረቤቱ ሳይጣበቅ ይቆማል።

እንዲህ ያለው ሰሌዳ ለንግድ አይሆንም፤ ዛሬ በኪስ ያለው ስልክ ሁሉ አማርኛ ያነባልና። ጥቅሙ ሌላ ነው። ተማሪው አንድ ፊደል ከቍጥር ተነሥቶ ብርሃን እስኪሆን ድረስ ያለውን ጕዞ ከዳር እስከ ዳር በእጁ ይሠራዋል። ከአሮጌ ቺፕ የተነበበውን ገበታም በዚያው ሰሌዳ ላይ ጭኖ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ‹ሐ›ን በስምንት ነጥብ ለማስገባት እንዴት እንደ ደከመ በዐይኑ ያየዋል።

፰. መደምደሚያ

ከላይ በዝርዝር እንዳየነው፣ የአማርኛ ፊደል ወደ መኪና የገባበት ታሪክ በሁለት ዘመን ይከፈላል። በመጀመሪያው ዘመን የመኪናው ሆድ የማይለወጥ ስለ ነበረ ፊደሉ ተቈራርጦ ተመታ፤ እንዲቀነስም ተመከረ። በሁለተኛው ዘመን የመኪናው ማኅደር የሚጻፍበት ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያውያን በአገር ውስጥና በውጭ ሆነው መኪናውን ለፊደሉ አስገዙት። የዚህ ሁለተኛ ዘመን ምስክሮች ደግሞ መጻሕፍት ብቻ አይደሉም፤ ሰሌዳዎች፣ ቺፖችና ዲስኮች ናቸው። አቃቂ በሰቃ የእነዚህ ምስክሮች መፍቻ ከሆነች፣ ከመፈታታቸው በፊት ቃላቸው የሚሰማባት ስፍራም ልትሆን ትችላለች። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ማንበቢያ፣ አንድ መዝገብና ጥቂት ትጉሃን ተማሪዎች ናቸው።